ሥዕሉ የቀረ፣ ሕጉ የጠፋ ጨዋታ

*ከጥንታዊት ግብጽ ጽሕፈት እስከ ምዕራብ ሐረርጌ ገበጣ፣ የጨዋታ ጠጠር በምን ይቆያል?*

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚዘልቀው አስፋልት የምዕራብ ሐረርጌዋን ጭሮን ሰንጥቆ ያልፋል። ከቀትር በኋላ፣ ጫት የጫኑት አይሱዙዎች ካለፉ ወዲያ የበርጫው ሰዓት ሲደርስ፣ በሱቆቹ በረንዳ ላይ የዳማ ሰሌዳዎች ይወጣሉ። ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ የኮምፖልሳቶ ቁራጭ ነው፤ 64 ቤት በማርከር ተሰምሮበት ግማሹ ጠቁሯል። ጠጠሮቹ የለስላሳና የቢራ ቆርኪዎች ናቸው። አንዱ ተጫዋች 12 ቆርኪዎቹን አፋቸውን ሽቅብ አድርጎ ይደረድራል፤ ሌላው የራሱን 12 ይደፋቸዋል። ወገን የሚለየው በዚሁ ነው።

ቆርኪውን ቀረብ ብሎ ላየው ብዙ ያገለገለ ዕቃ ነው። የዳሩ ጥርሶች ከመገፋት ብዛት ተለዝበዋል። የመጠጡ ስም ተፍቆ ቆርቆሮው አፍጥጧል። አንድ ቆርኪ ከተቃራኒው ዳር ሲደርስ ሌላ ይደረብበታል፤ ነገሠ ማለት ነው። የሚበላ ተጫዋች ደግሞ ቆርኪውን በዝግታ አያነሣም፤ ሰሌዳውን እያስጮኸ ይዘላል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ምክሩን አይነፍግም። ተጫዋቹ ሽማግሌ ከሆኑ ከኋላቸው የቆመው ጎረምሳ «ኦቦ፣ ይብሉ እንጂ!» ይላቸዋል። እሳቸው እጃቸውን አወዛውዘው ዝም ያሰኙታል፤ እሱ ያላየውን ወጥመድ አይተዋል።

ዳማም ገበጣም ሰንጠረዥም ለአንባቢ አዲስ አይደሉም። ግብጻውያን ፒራሚድ መገንባታቸውን፣ ቱታንካሙን የተባለው ወጣት ንጉሥ ከነወርቁ መቀበሩንም አብዛኞቻችን በትምህርት ቤት ሰምተናል። እምብዛም ያልሰማነው፣ በዚያች ጥንታዊት አገር የጨዋታ ሰሌዳው ከነጠጠሮቹ የጽሕፈት ምልክት ሆኖ ለሺህ ዓመታት ማገልገሉን ነው።

በአምላክ ስም ውስጥ የተሣለ ሰሌዳ

ሂሮግሊፍ የሚባለው የግብጽ ጽሕፈት ሥዕልን ለድምፅ ያውላል። ከምልክቶቹ አንዱ ረጅምና ጠባብ ሣጥን ሲሆን በላዩ ላይ ትንንሽ ነገሮች ተደርድረው ቆመውበታል። ሣጥኑ ሰነት የሚባለው ጨዋታ ሰሌዳ ነው፤ የቆሙት ጠጠሮቹ ናቸው። የምልክቱ ድምፅ «መን» ነው። መጽናት፣ ጸንቶ መኖር የሚለው ግስም በእሱ ይጻፋል።

ግብጻውያን አናባቢ አይጽፉም ነበር። ስለዚህ «ም» እና «ን» ተከታትለው በሚመጡባቸው ብዙ ቃላት ውስጥ ሰሌዳው ይገባል። ታላቁ አምላካቸው አሞን ሲጻፍ መጀመሪያ የሸምበቆ ቅጠል፣ ቀጥሎ ሰሌዳው፣ ቀጥሎ የውኃ ሞገድ ይሣላል። አሞንሆቴፕና ቱታንካሙን የሚሉት የነገሥታት ስሞች አሞንን ስለያዙ ሰሌዳውንም ይዘዋል። በጊዛ ሦስተኛውን ፒራሚድ ያሠራው መንካውሬም በስሙ ውስጥ አለው። የድንጋይ ጠራቢው የአምላኩን ስም በቤተ መቅደስ ግንብ ላይ በቀረጸ ቁጥር የጨዋታ ሰሌዳ ከነጠጠሩ ይቀርጽ ነበር። ጠጠሩ ለብቻውም ምልክት አለው፤ «ኢባ» ይባላል፤ መጨፈር በሚለው ቃል አጻጻፍ ውስጥም ይገኛል። አንዱ ጠጠር ሌላውን እያለፈ ሲሄድ ላየ ሰው ጭፈራ ቢመስለው አይገርምም።

ሰነት 30 ቤት አለው፤ በሦስት ረድፍ አሥር አሥር። ተጫዋቾቹ ዛሬ ዛራ እንደሚጣለው አራት ቀጫጭን እንጨቶች ይጥላሉ። የእንጨቱ አንድ ጎን ጠፍጣፋ፣ ሌላው ክብ ነው፤ ስንቱ በጠፍጣፋው እንደወደቀ ተቆጥሮ ጠጠሩ ይራመዳል። በሳቃራ የሚገኘው የሄሲ ሬ መቃብር ከ4,600 ዓመት በፊት ገደማ የተሠራ ሲሆን በግድግዳው ላይ ሰነት ከሌሎች ጨዋታዎች ጋር ተሥሏል። ጨዋታው ከዚያ ወዲህም እስከ ሮማውያን ዘመን ዘልቋል።

እየቆየ ሰነት መዝናኛ ብቻ መሆኑ ቀረ። ከሞት በኋላ ነፍስ የምታልፍበት ጎዳና ምሳሌ ሆነ። «መጽሐፈ ሙታን» በምንለው የጸሎት ስብስብ 17ኛው ምዕራፍ ውስጥ ሟቹ ሰነት እንደሚጫወት ይነገራል። የመጨረሻዎቹ ቤቶች የየራሳቸው ትርጉም ነበራቸው፤ 26ኛው መልካም ቤት ነው፣ 27ኛው ውኃ ነው፤ እዚያ የገባ ጠጠር ይሰምጣል። የዳግማዊ ራምሴስ ባለቤት የንግሥት ኔፈርታሪ መቃብር በ1904 እ.ኤ.አ. ሲከፈት፣ ንግሥቲቱ ሰሌዳ ፊት ተቀምጣ፣ እጇን ወደ ጠጠሩ ዘርግታ የምትታይበት ሥዕል ተገኘ። ከፊቷ የተቀመጠ ተጋጣሚ የለም።

ከግብጽ ሥዕሎች አንዳንዶቹ በረጅም መንገድ እኛ ዘንድ ደርሰዋል። የጽሕፈት ታሪክ አጥኚዎች እንደሚያስረዱት በሲና በረሓ ሴማዊ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ከሂሮግሊፍ ጥቂት ሥዕሎችን ወስደው ለራሳቸው ድምፅ አዋሉ፤ ያ ጽሕፈት በደቡብ ዐረብ በኩል ለግዕዝ ፊደል መነሻ ሆነ። የበሬው ራስ አልፍ፣ የውኃው ሞገድ ማይ፣ ዐይኑ ዐይን ሆነው ዛሬም እንጽፍባቸዋለን። የጨዋታው ሰሌዳ ግን ከተመረጡት ውስጥ አልገባም።

ዞጲና የዝሆን ጥርስ

የባለጸጎቹ ግብጻውያን ጠጠር የሚሠራው ከከበረ ነገር ነበር። እንደ ሾጣጣ ቆብ ያሉ አሉ፤ ወገባቸው የጠበበ እንደ ክር ማጠንጠኛ ያሉም አሉ፤ የውሻና የቀበሮ ራስ የተቀረጸባቸውም ተገኝተዋል። ሃዋርድ ካርተር በ1922 የቱታንካሙንን መቃብር ሲያገኝ ከዕቃዎቹ መካከል በአንበሳ እግሮች ላይ የቆመ ከዞጲ የተሠራ የሰነት ሣጥን ነበር። የዚያ ሣጥን ጠጠሮች ግን አልነበሩም። ካርተር ጠጠሮቹ ከወርቅና ከብር ተሠርተው ኖሮ በጥንት ዘራፊዎች ሳይሰረቁ አልቀሩም ብሎ ገመተ።

ዞጲውና የዝሆን ጥርሱ ወደ ግብጽ ይገባ የነበረው ከደቡብ ነው፤ ከኑቢያና ፑንት ይሉት ከነበረው አገር። ንግሥት ሐትሼፕሱት ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት ወደ ፑንት የላከችው የመርከብ ጓድ ከርቤ፣ ዞጲ፣ የዝሆን ጥርስና ዝንጀሮ ይዞ ሲመለስ በዴር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደሷ ግንብ ላይ ተቀርጿል። ፑንት የት ነበረች የሚለው ብዙ አከራክሯል። በ2020 የታተመ ጥናት ግብጻውያን ያደረቋቸውን የዝንጀሮ አስከሬኖች ኬሚካላዊ ይዘት መርምሮ አቅጣጫውን ወደ አፍሪካ ቀንድ፣ ወደ ዛሬዎቹ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ አመልክቷል። ሐረርጌ ዛሬም ዝሆን አላት፤ የባቢሌ መጠለያ ከሐረር በስተደቡብ ነው። ይህንን የምጽፈው ጭሮን ፑንት ለማድረግ አይደለም፤ አያስፈልጋትምም። የፈርዖን ጠጠር የተጠረበበት ነገር ከዚህ ከኛ ወገን የተጫነ ሊሆን እንደሚችል ማወቁ ግን ግብጽን ለሐረርጌ ሰው ያቀርባታል።

> ስሙን በየግንቡ ቀረጹት፤ ሕጉን አሟልቶ የጻፈ ግን አልተገኘም።

ከዚህ ሁሉ ሥዕልና ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ጎድሏል። ሰነት እንዴት እንደሚጫወቱት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያስረዳ የግብጽ ጽሑፍ የለም። ሻምፖልዮን በ1822 ሂሮግሊፍን ማንበብ ከጀመረ ወዲህ የነገሥታቱን ዜና፣ የመድኃኒቱን ቅመም፣ የፍቅር ግጥሙን ሳይቀር አንብበናል። በየቤቱ ይጫወቱት የነበረውን ጨዋታ ግን አንችልም። ቲሞቲ ኬንዶልን የመሰሉ ተመራማሪዎች ከሥዕሉ፣ ከመቃብር ጽሑፉና ከተገኙት ሰሌዳዎች ተነሥተው ሕግ አቀናብረዋል፤ ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ሰነት በእነዚህ ግምቶች የተሠራ ነው። የጠፋበት ምክንያት ቀላል ይመስለኛል። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ማን ይጽፋል? ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ይማረዋል፤ መጻፍ ትርፍ ሥራ ነው። ከዚያ አንድ ትውልድ ይተወዋል።

ዝናብ የሚሞላው ሰሌዳ

የኛ ገበጣ ታሪኩ የተገላቢጦሽ ነው። በፊደላችን ውስጥ ሥዕሉ የለም፤ በብዙ ቦታ ሰሌዳ እንኳ የለውም። በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶ ዙሪያ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ሲጫወቱት መሬቱን በተረከዝና በጣት ይምሳሉ፤ ማታ ጥለውት ይሄዳሉ፤ ዝናብ ይሞላዋል። በማግስቱ ሌላ ይማሳል። ጠጠሩ የተገኘው ነው፤ የወንዝ ድንጋይ፣ የጉሎ ፍሬ፣ የቡና ፍሬ፣ ሲጠፋ የፍየል በጠጥ። የሚሰረቅ የለም፣ ለመቃብር የሚቀመጥም የለም።

ቢሆንም ዕድሜው ትንሽ አይደለም። የአክሱም ዘመን ቅርሶች በሚገኙባቸው በየሓና በመጠራ የገበጣ ዓይነት ጉድጓዶች በዐለት ላይ ተፈልፍለው፣ የሸክላ ሰሌዳ ስባሪም አብሮ ተገኝቷል፤ አጥኚዎች ወደ 6ኛውና 7ኛው መቶ ዓመት ያደርሱታል። በግብጽም በቁርና ቤተ መቅደስ ጣሪያ ላይ ተመሳሳይ ጉድጓዶች አሉ። እነሱን ግን ማን መቼ እንደፈለፈላቸው ማወቅ አይቻልም፤ ሕንጻው ከተተወ በኋላ ጥላ ፍለጋ የወጣ እረኛም ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ገበጣ በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ አለው፤ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር ይገባል፣ ድምሩ 48። ባለተራው ከራሱ ወገን የአንዱን ጉድጓድ ጠጠር በሙሉ አንሥቶ በተከታዮቹ ቤቶች ውስጥ አንድ አንድ እየጣለ ይዞራል። የመጨረሻዋ ጠጠር ሌላ ጠጠር ያለበት ቤት ከገባች ያንን ሁሉ አፍሶ ጉዞውን ይቀጥላል። ባዶ ቤት ከገባች ያርፋል። በአፍሪካ ቀንድ ባለሦስት ረድፍም አለ፤ እንዲህ ያለው በተቀረው አፍሪካ እምብዛም አይታይም።

እዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱ ፈራጅ ነው። ባዶ ቤት ላይ ያረፈ ፊት ለፊቱ ያለውን ይበላል ወይስ ተራውን ብቻ ይለቃል? ሦስት ጠጠር ያለበት ቤት አራተኛ ሲጨመርበት ለማን ነው? ጠጠር ያለቀበት ተጫዋች ተሸነፈ ወይስ ባላጋራው ማካፈል አለበት? የጉድጓድን ጠጠር ሳያነሡ በጣት መቁጠር ይፈቀዳል? በዚህ የመጨረሻው ላይ አዋቂዎቹ ጥብቅ ናቸው። ጥሩ ተጫዋች ጉድጓዱን በዓይኑ መዝኖ ሁለት ዙር አስቀድሞ ማየት አለበት ይላሉ፤ ጣቱን የሚሰድ ሰው ሂሳቡን ውጭ አውጥቶ ለባላጋራው ያሳያል።

ከሌላ ወረዳ የመጣ እንግዳ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «እናንተ ጋ እንዴት ነው?» የሚለው ነው። ሁለቱ ይደራደራሉ፤ አንዳንዴ ድርድሩ ከጨዋታው ይረዝማል። ይህን ድርድር የጨዋታው ጉድለት አድርገው የሚያዩት አሉ። እኔ ግን የሕያውነቱ ማስረጃ አድርጌ አየዋለሁ። የሞተ ጨዋታ እንዲህ አይከራከሩበትም፤ በሰነት ሕግ ላይ የሚከራከሩት አጥኚዎች ብቻ ናቸው።

ሴት ልጆቹ ደግሞ ቅልብልቦሽ አላቸው። አምስት ልሙጥ ጠጠር ይበቃል። አንዷን ወደ ላይ ወርውሮ ከመሬት ያለችውን ለቅሞ የተወረወረችውን ሳትወድቅ መቅለብ ነው፤ መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ እያለ ይከብዳል። ለዚህ የተመረጠች ጠጠር በየቀኑ አትለወጥም። በኪስ ትያዛለች፣ ትለሰልሳለች፣ እጅ ያውቃታል።

በሚኤሶ ሃያ አራት ነጥብ

ከጭሮ ወደ ቆላው ሲወረድ ሚኤሶ አለች፤ የባቡር ሐዲድ የሚያልፍባት፣ የኦሮሞና የሶማሌ አርብቶ አደሮች የሚገናኙባት ከተማ። የሶማሌዎቹ ጨዋታ ሻሕ ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ሦስት አራት ማዕዘኖች አሸዋ ላይ ይሰመራሉ፤ በመስመሮቹ ይያያዛሉ፤ 24 ነጥብ ይገኛል። እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር አለው። የአንዱ ድንጋይ ከሆነ የሌላው የተሰባበረ እንጨት ነው። ተራ በተራ ሲያስቀምጡ ነጥቦቹ በሙሉ ይሞላሉ፤ መንቀሳቀሻ ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ ጠጠር ተነሥቶ መንገድ ይከፈታል፤ ሦስቱን በአንድ መስመር ያሰለፈ የባላጋራውን አንድ ጠጠር ያነሣል። ግመል ጠባቂው ይህን ሲጫወት በጨረፍታ ለሚያየው አሸዋ እየጫረ ጊዜ የሚያሳልፍ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ስሌት ግን ከዳማ አያንስም።

ከአዳማ እስከ ጅጅጋ የሚመላለሱ ሹፌሮች ስለ እነዚህ ጨዋታዎች ብዙ ያውቃሉ። ጭነት እስኪሞላ በየከተማው ይቀመጣሉ፣ በየከተማው ይሸነፋሉ ወይም ያሸንፋሉ። የዳማ ንጉሥ በአንድ ቦታ አንድ ቤት ብቻ እንደሚራመድ፣ በሌላ ቦታ ሰሌዳውን እንደሚያቋርጥ፣ በአንዱ መብላት ግዴታ እንደሆነ፣ በሌላው እንዳልሆነ የሚነግሩን እነሱ ናቸው።

ዕጣ የሌለበት

በግብጹ ሰነት እንጨት ይጣላል፤ ጠጠሩ የሚራመደው በዕጣ ነው። ግብጻውያን ዕጣውን የአማልክት ፈቃድ አድርገው ማየታቸው ጨዋታውን ወደ መቃብር አስገብቶታል። ገበጣ፣ ዳማና ሻሕ ግን ዕጣ የለባቸውም። ሁሉም ጠጠር በግልጽ ተቀምጧል፤ የተሸነፈ የሚያመካኝበት እንጨት የለውም።

ይህ ልዩነት አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት በምዕራብ ሐረርጌ ክብደት አለው። በእስልምና ትውፊት ዛራ የሚጣልበት ጨዋታ የተወገዘ ነው፤ ዛራ በሌላቸው እንደ ሰንጠረዥ ባሉት ላይ ግን የሊቃውንቱ አስተያየት ይለያያል። ጠበቅ ያሉት ሼሆች ሁሉንም ጊዜ ማጥፊያ ይሉታል። ሌሎቹ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፤ ገንዘብ ተይዞበታል ወይ፣ ሶላት ያሳልፋል ወይ፣ ጠብ ያመጣል ወይ። የበረንዳው ተጫዋቾች ይህን ያውቃሉ። አዛን ሲሰማ ሰሌዳው እንዳለ ይተዋል፤ ቆርኪ የሚያንቀሳቅስ የለም፤ ሲመለሱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ሕጉ የተጻፈ፣ ተጫዋቹ የጠፋ

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሦስተኛው ዓይነት ዕጣ ደርሶበታል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር መጫወታቸው ተጽፏል። ሄንሪ ሳልት በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ማየቱን ተርኳል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት ደግሞ በ1971 የሰንጠረዥን ታሪክና ሕግ፣ የገበጣንም ልዩ ልዩ ዓይነቶች ሰብስቦ ጽፏል።

ሕጉ ያስደንቃል። በመነሻው ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ወረራ ይሉታል። ሁለቱም ባላጋራዎች እኩል፣ በየፊናቸው፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠር እየገፉ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ የሌላውን እጅ እያዩ የራሳቸውን ይለውጣሉ። አንዱ የሌላውን መጀመሪያ ሲበላ ተራ ይጀመራል። ንጉሡን በፈረስ መያዝ ብዙ አያስከብርም፤ ደካማ በሆኑት ጠጠሮች መያዝ ይመሰገናል። ይህ ሁሉ በወረቀት አለ። ወረራውን የሚያደርግ ሁለት ሰው ማግኘት ግን ከባድ ነው፤ የዓለም አቀፉ ቼዝ ቦታውን ወስዷል። ሕጉ ስለተጻፈ ነገ ሊያስነሣው የሚፈልግ ወጣት መነሻ አለው፤ የሰነት ወዳጆች ይህን ዕድል አላገኙም።

> ሰሌዳውን በሙዚየም ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ እንዴት እንደሚበላ ግን ሰሌዳው አይናገርም።

ወረቀቱ ላይ ምን ይግባ?

ጭሮን በ1910ዎቹ ዓ.ም. አሰበ ተፈሪ ብለው የቆረቆሯት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በአገራችን የመጀመሪያውን ተውኔት የጻፉ ሰው። ዛሬ ከተማዋ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። የምዕራብ ሐረርጌን ጨዋታ የሚመዘግብ ሰው ከዚህ ቢነሣ ደስ ይለኛል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ተማሪዎች ለእረፍት ወደየወረዳቸው ሲሄዱ ከአያቶቻቸው ጋር መቀመጥ ይበቃቸዋል።

አስቸጋሪው ነገር ተጫዋች የሚያውቀውን ሁሉ አለመናገሩ ነው። ስንት ጉድጓድ፣ ስንት ጠጠር ተብሎ ሲጠየቅ ወዲያው ይመልሳል። ማን ይጀምራል፣ በየት በኩል ይዞራል፣ ያለፈ እጅ ይመለሳል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ግን ትዝ የሚሉት ጨዋታው መሐል ላይ ነው። ስለዚህ ጠያቂው አብሮ መጫወት አለበት፤ ተሳስቶ ሲከለከል ሕጉን ይሰማል። ቃላቱም እንደሚነገሩት ይጻፉ፤ በኦሮምኛ የሚጫወተው በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ የሚጫወተው በሶማልኛ። ስልክ የያዘ ሰው ቪዲዮ ቢቀርጽ መልካም ነው፤ እጁ እንዴት ጠጠሩን እንደሚዘራ ወረቀት አያሳይም። ቪዲዮው ግን የተደረገውን ብቻ ይይዛል፣ ያልተፈቀደውን አያሳይም። እሱን ለማግኘት ከሁለት ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ የማይስማሙ ቢሆኑ ደግሞ ይመረጣል።